የቤተ መዘክር ዲስኩር ለማን ነው?

በስድስት ኪሎ ግቢ ወደ ትምህርት ክፍልና ወደ ምግብ ቤት ስንመላለስ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጠገብ የማያልፍ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ከደረጃው ወጥቶ፥ የውስጡን ክፍሎች ዞሮ አይቶ፥ «ይህ ዕቃ ከየት መጣ? ማንስ ይሠራበት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ስንት ነው ቢባል መልሱ የሚያኮራ አይመስለኝም። ከሩቅ አገር የመጣው ጐብኚ ገንዘብ ከፍሎ ሲገባ እኛ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ለፈተና እናነባለን። ይህን የምለው ወንድሞቼንና እኅቶቼን ለመውቀስ አይደለም። ቤተ መዘክር ማለት አሮጌ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተቈልፎ የሚቀመጥበት ቤት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን አድጓል። ዕቃው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እኛም ዝም ብለን እናልፋለን።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምሞክረው ስለ ዕቃው ሳይሆን በዕቃው ዙሪያ ስለሚደረገው ንግግር ነው። በብዙ አገሮች ቤተ መዘክሮች ስለ ታሪክና ስለ ኅብረተሰብ ለአካባቢው ሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር ያዘጋጃሉ። ዲስኩር እንበለው። አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ፈተናም የለውም፤ ስምም አይጠራበትም። የፈለገ ይመጣል፤ የሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ነው ለተናጋሪው ከክፍል ትምህርት ይልቅ የሚከብደው። እኛ በክፍል ውስጥ መምህሩ ቢያንቀላፋብን እንኳ ለማርክ ስንል እንቀመጣለን፤ የሰፈር ነጋዴ ግን ሱቁን ዘግቶ የመጣበትን ሰዓት ያውቃታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ ከተማሪው የበለጠ እንደሚያውቅ ተስማምተን እንገባለን። በቤተ መዘክር አዳራሽ ይህ ስምምነት አይሠራም። ተናጋሪው ስለ እድር ከመጻሕፍት አንብቦ ሲናገር ከፊቱ የተቀመጡት ሰው ለሃያ ዓመት የእድር ዳኛ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ሸማ ሥራ ሲናገር ሸማኔው በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሊቁ የጻፈውን ያውቃል፤ አድማጩ የኖረውን ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ቤት፥ በአንድ ዕቃ ፊት የሚገናኙበት ሌላ ሥፍራ በከተማችን ብዙ የለም። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው፤ ቀበሌውም ስብሰባ ይጠራል፤ እነዚያ ግን ለሌላ ጉዳይ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ የሚታይ አንድ አሞሌ ጨው እንውሰድ። ከሥሩ የተጻፈው ወረቀት «አሞሌ፥ የጥንት መገበያያ» ቢል እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ምንም አልነገረንም። ደኅና ተናጋሪ ግን ከዚህች ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ ወደ ዳሎልና ወደ አሳሌ ይወስደናል፤ ጨው እንዴት እንደሚፈለፈል፥ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳናል። በ6ኛው መቶ ዓመት (በአውሮጳውያን) የኖረው ነጋዴ ኮስማስ፥ የአክሱም ሰዎች ጨውና ብረት ከብትም ይዘው ወደ ደቡብ እየወረዱ በወርቅ ይለውጡ እንደ ነበር መጻፉን ይነግረናል። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ አልቫሬዝም ጨው በገንዘብ ፈንታ ሲሠራበት አይቷል፤ ከተፈለፈለበት ሥፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ መሄዱንም አስተውሏል። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስለ ማመላለሻ ወጪ በሰሌዳ ላይ የሚሥሉት ሥዕል በዚህች ጨው ላይ ቀድሞ ተጽፏል ማለት ነው።

ከአሞሌው ጐን ብዙ ጊዜ ጠገራ ብር ይቀመጣል። ማርያ ትሬዛ የምንላት ብር ነች። በላይዋ የታተመው ዓመት 1780 (በአውሮጳውያን) ሲሆን ይህም የኦስትሪያዋ ንግሥት የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ለብዙ ዘመን በዚያው ዓመት ቍጥር ሲታተም ኖሯል፤ በቪየና ብቻም ሳይሆን በኋላ በሌሎች አገሮችም ጭምር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር በፓሪስ አሳትመው ቢያመጡም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ በቀላሉ አልተወም። መንግሥት አዲሱን የኢትዮጵያ ዶላር ያወጣው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ በገጠር ጠገራው ቶሎ አልጠፋም። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። አንድ ዲስኩር ላይ ግን ተናጋሪው ስለ ብሩ ዓመት ሲያብራራ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ አሉና፥ «ልጄ፥ አባቴ ዓመተ ምሕረቱን መች ያነበው ነበር፤ ፊደሉንስ ማን ያውቀዋል! በጥፍሩ እየዳሰሰ የዘውዷን ዕንቍ ይቈጥር ነበር እንጂ» አሉት። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው የደበዘዘ ጠገራ እንደማይቀበል፥ ባላገርም በዚህ ምክንያት እንደሚንገላታ ጨመሩበት። ተናጋሪው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። በዚያ አዳራሽ ካየሁት ሁሉ በጣም ያስደሰተኝ ይኸው የመምህሩ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልመለስ፤ ምክንያቱም ገነተ ልዑል ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ ከዕቃው በፊት ራሱ ቤቱ ለዓመት የሚበቃ ነገር አለው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የጣሊያን ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለድኾች ምጽዋት ሲያስድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት በዚሁ ሥፍራ ነው። ከደጅ የቆመው፥ ሽቅብ ወጥቶ የትም የማያደርሰው ደረጃ፥ እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒ አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲቈጥር ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ጫፉ ላይ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሲከሽፍ፥ ታግተው የነበሩት መኳንንትና ሚኒስትሮች፥ ከእነርሱም መካከል ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ፥ በዚሁ ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በጥይት ተገደሉ። የዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ግልበጣውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው እንደ ነበርም አንርሳ። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ግቢ ተመረቀ። በ1955 ዓ.ም. በሪቻርድ ፓንክረስት ዲሬክተርነት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተቋቋመ፤ ቤተ መዘክሩን ያደራጁት ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው።

ስለ ኾይናትስኪ ሲነሣ ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። ተቋሙ ከመቋቋሙ በፊት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሕዝብ ጥናት ማኅበር የሚባል ነበር። ተማሪዎች የትውልድ አገራቸውን የሠርግ፥ የለቅሶ፥ የእርሻና የዳኝነት ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። ማለትም የዚህ አገር የኅብረተሰብ ጥናት ከጀማሪዎቹ መካከል ገና ዲግሪ ያልያዙ፥ እንደ እኛው የመኝታ ቤት ቍርስ የሚበሉ ልጆች ነበሩበት። እነዚያ ልጆች የጻፉትን ያገኙት ከእናቶቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው ነው። ዛሬ ቤተ መዘክሩ ዕቃዎቹን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል፥ ከመወለድ ጀምሮ እስከ ሞትና ከዚያ በኋላ ስላለው እምነት ድረስ አድርጎ ማሳየቱ የዚያ ዓይነቱን ጥናት መልክ ይዟል። ጐብኚው የሚያልፈው ከመስታወት ወደ መስታወት ብቻ ሳይሆን ከልጅነት ወደ እርጅና ነው።

እንግዲህ የአካባቢውን ሰው መጥራት ደግነት ብቻ ነው ወይስ ለዕውቀቱም ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኔ ያስፈልጋል ከሚሉት ነኝ። ማስረጃዬም ያው የካቲት 12 ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ስንት ሰው እንደ ተገደለ የቀረበው ቍጥር አንድ አይደለም። ጣሊያኖች የጠቀሱት በመቶዎች የሚቈጠር ዝቅተኛ ቍጥር ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው 30,000 ነው። ኢያን ካምፕቤል የተባሉት ተመራማሪ በ2009 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ ወደ 19,000 ገደማ ይሆናል ብለዋል። እዚህ ግምት ላይ ለመድረስ ከሰነድና ከፎቶግራፍ ጋር የዓይን ምስክሮችን ቃል እያስተያዩ ሠርተዋል። የትኛው ሰፈር በየትኛው ሰዓት እንደ ተቃጠለ፥ አስከሬን በየት በኩል እንደ ተጫነ የሚያስታውስ ሰው ባይጠየቅ ኖሮ ከገዳዩ መዝገብ ሌላ ብዙ የሚቀር ነገር አልነበረም። እነዚያ ምስክሮች ዛሬ በሕይወት የሉም ለማለት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው አሁን ከ95 ዓመት በላይ ነው። የጊዜው ማጠር የሚያሳስበን በዚህ ብቻ አይደለም። የ1966ቱን አብዮት በጐልማሳነቱ ያየ ሰው ሰማንያ ዓመቱን ይዟል ወይም አልፎታል።

ሽማግሌ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የሰው ትዝታ ሁለት ዓመት ያቀላቅላል፤ የአባቱን ታሪክ የራሱ ያደርጋል፤ በሬዲዮ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ይናገራል። ስለዚህ ነው ጉባኤው የሚጠቅመው። አንዱ ሲሳሳት ሌላው «የለም፥ እንዲያ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ድልድዩ አልተሠራም» ይለዋል። ተናጋሪውም ሰነዱን ያወጣል። ሦስቱ ሲጋጩ ከሚገኘው ውስጥ አንድ የሚያስተማምን ነገር ይወጣል። በጓዳ ብቻውን የተጠየቀ ሽማግሌ ግን የሚያርመው የለም።

ከሌላ አገር አንድ ልጥቀስ። በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ከተማ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ልዩ ልዩ ሕዝብ ተደባልቆ የሚኖርበት ሰፈር ነበር። የዘር መድልዎ መንግሥት በየካቲት 1958 ዓ.ም. ሰፈሩ ለነጮች ብቻ ይሁን ብሎ ዐወጀ፤ ከዚያም ከ60,000 በላይ ሰው ከቤቱ አስወጥቶ ቤቶቹን በማረሻ መኪና አፈረሰ። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በዚያው ሰፈር በነበረ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በወለሉ ላይ የጠፋው ሰፈር ካርታ ተነጠፈ፤ የቀድሞ ነዋሪዎችም እየመጡ ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ፈልገው ስማቸውን ጻፉበት። ቤተ መዘክሩ ዕቃ ከመሰብሰቡ በፊት ሰው ሰበሰበ ማለት ነው። በእኛም ከተማ በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጐብኚን ሲያስረዱ ከቈዩት መካከል በዚያ ዘመን ራሳቸው የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ሰው አፍ የሚሰማ ነገር ከመጽሐፍ ከሚነበበው ጋር አንድ አይደለም፤ አድማጩም ጥያቄውን መርጦ እንዲጠይቅ ይገደዳል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለመንገድና ለመልሶ ግንባታ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ምክንያቱ ከኬፕታውኑ ጋር አንድ ነው አልልም፤ አይደለምም። ስለ ቤቶቹ መፍረስ ተገቢነት ክርክር ብዙ ተነግሯል፤ እዚህ አልደግመውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ሰፈር ሲበተን ቤቱ ብቻ አይደለም የሚሄደው። እድሩ ይከፈላል፤ የጐረቤት ስም ይረሳል፤ «ከአርመኑ ዳቦ ቤት በስተጀርባ» የሚለው አድራሻ የሚያውቀው ሰው ያጣል። እነዚያ ሰዎች አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ስለ ሰፈራቸው የሚናገሩበት አዳራሽ ካላገኙ ከአሥር ዓመት በኋላ የታሪክ ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደየት ሄዶ ይጠይቃል? በየአዲሱ ኮንዶሚኒየም በር እያንኳኳ?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ፤ ይኸውም የቋንቋ ጉዳይ ነው። እኛ ታሪክንም ሆነ ኅብረተሰብን በእንግሊዝኛ ነው የምንማረው። ስለዚህ ለሰፈሩ ሰው በአማርኛ እንናገር ስንል ምላሳችን ይያዛል። «ፊውዳል ሥርዓት» ብለን እንጀምራለን፤ አድማጩም አንገቱን ይነቀንቅልናል፤ ነገር ግን ምን እንዳልነው እኛም እሱም አናውቅም። አንድ የቀድሞ ገባር ግን ርስት፥ ጉልት፥ ማደሪያ፥ አሥራት፥ ሲሶ አራሽ፥ እኩል አራሽ እያለ እያንዳንዱን በሚዛን ለይቶ ያውቃል። እኛ በአንድ የውጭ ቃል የጠቀለልነውን እሱ ስድስት አድርጎ ይፈታዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ከዐሥር ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ መልስ አገኘ። እነዚያ ተማሪዎች አራሹን የሚያውቁት ግማሹ ከቤቱ፥ ግማሹ ከመጽሐፍ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ ሲያስተምር ብዙዎቹ ከሰጡት ይልቅ የተማሩት ይበዛል ብዬ እገምታለሁ። አሁን እንዲያ ያለ ግዴታ የለብንም፤ ሰውየው ግን ከግቢያችን በር ውጭ ነው ያለው፤ ለመገናኘት አውቶቡስ እንኳ አያስፈልግም።

አማርኛም ቢሆን ለሁሉ አይበቃም። በከተማችን ኦሮምኛ፥ ጉራጊኛ፥ ትግርኛ በቤቱ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ አንዲት እናት ስለ ልጅነቷ በራሷ ቋንቋ ስትናገርና በሁለተኛ ቋንቋ ስትናገር የምትነግረን አንድ አይደለም። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍላችን ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች አሉ። አስተርጓሚ ከሩቅ አይፈለግም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ስለ አሞሌ ማን ይሰማል?» ይሉኛል። ይህን የሚሉት ስለ ሕዝቡ አዝነው ቢሆንም እኔ ንቀት ያለበት ይመስለኛል። ድኻ ሰው እንጀራ እንጂ ታሪክ አይፈልግም ያለው ማን ነው? በየለቅሶ ቤቱ፥ በየቡና ማፍያው ሰው የሚያወራው ስለ ድሮው ነው። ሌሎች ደግሞ ታሪክ በሕዝብ ፊት ሲነሣ ጠብ ያመጣል ይላሉ። ይህኛው ቁም ነገር አለው። በዘመናችን የአንዱ ጀግና የሌላው ገዳይ ነው፤ ዲስኩሩም ወይ ውዳሴ ወይ ክስ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የማውቀው መድኃኒት ከዕቃው አለመራቅ ነው። «ምኒልክ ጥሩ ነበሩ ወይስ መጥፎ?» ብሎ ለጀመረ ጉባኤ ማለቂያ የለውም። «ይህ ጋሻ የማን ነበር? ባለቤቱ ከየት ተነሥቶ የት ዘመተ? ስንቁን ማን ሰጠው? ያለፈበት አገር ገበሬስ ምን አገኘው?» ብሎ ለጀመረ ጉባኤ ግን የሚጨቃጨቁት ሰዎችም መልስ የሚሰጡት አላቸው። ጠቡ አይቀርም፤ የሚጣሉበት ነገር ግን ይታወቃል።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ ልናገር። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ የሥራ ቀን የሚመጣው ጡረተኛና ተማሪ ብቻ ነው። ማስታወቂያውን በግቢ ሰሌዳ ብቻ መለጠፍ ራሳችንን መጥራት ነው፤ ለየእድሩ ጸሐፊ ደብዳቤ መስጠት፥ ከተቻለም በእድር ስብሰባ ላይ ማስነገር ይገባል። ተናጋሪው ከአርባ ደቂቃ በላይ አይናገር፤ ለጥያቄና ለምስክርነት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተው። ዕቃው ከተቻለ ከመስታወቱ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ የሚሰበር ከሆነ ፎቶግራፉ በቂ ነው። ወንበር ለአዛውንት ከፊት ይቀመጥ። በማንኛውም ከፍተኛ ትምህርት ቤት በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ የቤተ መዘክር እንግዳ የሆኑ እናት ከበር ሆነው ሲለማመጡ እንዳይውሉ ሁለት ተማሪዎች ከበር ቆመው «እማማ፥ በዚህ በኩል ነው» ብለው ይቀበሉ። የሚናገሩት ሰዎች ፈቃዳቸውን ተጠይቀው ድምፃቸው በስልክ ይቀዳ፤ በስማቸው እንዲጻፍ የማይወዱ ካሉም አይጻፍ። ቅጂው አንዱ ለቤተ መጻሕፍቱ፥ አንዱ ለተናጋሪው ለራሱ ይሰጥ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ሰው ቃሉን ሰጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል።

የማኅበራችን መጽሔትም የበኩሉን ሊያደርግ ይችላል። እስከ ዛሬ ስለ ዲስኩር ስንጽፍ የተናጋሪውን አሳብ በአጭሩ አውጥተን በመጨረሻ «ከተሰብሳቢዎች ጥያቄዎች ቀርበው መልስ ተሰጥቶባቸዋል» በማለት እንዘጋዋለን። ያቺ አንዲት መስመር ውስጥ የተቀበረው ነገር ነው መታተም ያለበት። ዋና አዘጋጁ ወረቀትና ቀለም ውድ ነው፥ ሁለቱም ሊገቡ አይችሉም ይሉኝ ይሆናል። እንግዲያውስ ጥያቄውና ምስክርነቱ ይግባ፤ ዲስኩሩ ይጠር።